የዶሮ እርባታ ክበብ፦ የመነቃቆሩ ዓመት

የትምህርት ቤታችን ክበብ ሥራ የጀመረው በመስከረም፣ እንቁላል ለመጣል የተቃረቡ 24 ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ቄቦች ይዞ ነው። የዶሮ ቤቱ 3 በ2 ሜትር ነው። እስከ ገና ሰላም ነበር፤ እንቁላል እየሸጥን መኖ እንገዛ ነበር።

በጥር የሦስት ወር ዕድሜ ያላቸው 12 ቄቦች ጨመርን። ጠዋት አምጥተን ነባሮቹ መሃል ለቀቅናቸው። ይህ የእኔ ስህተት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የ7ኛ ክፍል ተረኛ እያለቀሰች መጣች። «ቲቸር፣ እየበሏት ነው!» ሮጠን ስንደርስ አንዷ አዲስ ቄብ ጭንቅላቷን ጥግ ውስጥ ወሽቃ ቆማለች። ከጭራዋ በላይ ላባ የለም፤ ቆዳዋ ተልጦ ይደማል። ሦስት ዶሮዎች እየተመላለሱ ያንኑ ቦታ ይነቁራሉ። ዶሮ ደም ካየች አትተውም። ቄቧን ለይተን ቁስሏን አጠብንና ጂቪ (ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት) ቀባናት። ጂቪ ቀይነቱንም ስለሚሸፍን ጥሩ ነው።

ልጆቹ ዋናዋን አጥቂ ለይተው አወቋት። ግማሹ «ትሸጥ»፣ ግማሹ «ትታረድ» አለ። እኔ ግን መጀመሪያ ቤቱን እንለካ አልኳቸው። 36 ዶሮ በ6 ካሬ ሜትር! በአንድ ካሬ 6 ማለት ነው፤ ለእንቁላል ጣይ የሚመከረው ከ4 እስከ 5 ነው። መመገቢያው ሁለት ብቻ ስለሆነ ጉልበተኞቹ ከበውት ሌላው ጦሙን ይውላል። መኖ ሲወደድብን ደግሞ የኑግ ፋጉሎ ቀንሰን ፉርሽካ አብዝተን ነበር። ፕሮቲን ያነሳት ዶሮ የጓደኛዋን ላባ መንቀል ትጀምራለች። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ዶሮዎች በመካከላቸው ደረጃ አላቸው፤ አዲስ ሲገባ ይናጋል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ እየተመለከተ ያጠናውና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጻፈው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሽዬልደሩፕ-ኤበ ነው። ታሪኩን ስነግራቸው ልጆቹ በየዶሮው እግር ባለቀለም ክር አስረው ማን ማንን እንደምትነቁር መመዝገብ ጀመሩ። እንደዚያ ደብተር ያስደሰተኝ ነገር የለም።

በየካቲት ወላጆች ቆርቆሮና ሽቦ ሰጡን፤ ቤቱን በ3 ካሬ አሰፋነው። መመገቢያውን አምስት አደረስን፣ ፋጉሎውን መለስን፣ ጎመን በገመድ አንጠለጠልን። ሥራ የፈታ ዶሮ ነው የሰው ላባ የሚያየው። አጥቂዋን አምስት ቀን ለብቻዋ አቆየናት፤ ስትመለስ የድሮ ቦታዋን አላገኘችም። ቁስለኛዋ ሲሻላት በሽቦ ተለይታ አንድ ሳምንት ከሌሎቹ ጋር ስትተያይ ቆየች። ከዚያ ማታ፣ ሲጨልም፣ ቆጡ ላይ አስቀመጥናት። ጠዋት ማንም አልነካትም።

በሚያዝያ ያችው የ7ኛ ክፍል ተማሪ እንቁላል በእፍኟ ይዛ መጣች። «የእሷ ነው፣ ስትጥል አይቻታለሁ» አለችኝ። ትንሽዬ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ ቀጭን የደም ጭረት አለበት። ደንግጣ ነበር። የመጀመሪያ እንቁላል አንዳንዴ እንዲህ እንደሚሆን ነገርኳት።