የአዳማ ባቡር ጣቢያ ራቅ ብሏል፤ ሰዓቱም የሚባክነው እዚያ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጠዋት ከአዳማ አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ የሠራተኛ ባቡር ይጀመር የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ስለ ፍጥነት ይሆናል። ፍጥነቱስ አለ። ከሰበታ እስከ አዳማ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ነጠላ የሚሆነው ከአዳማ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ከአዳማ የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ ድረስ ሳይቆም ቢነዳ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ሞጆና ቢሾፍቱ ላይ ከቆመ ለፍሬኑ፣ ለመሳፈሪያውና እንደገና ፍጥነት ለመያዝ በየጣቢያው 5 ደቂቃ ያህል ይታሰብ። ችግሩ ከመነሳቱ በፊትና ከደረሰ በኋላ ነው።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ምድር ባቡር አዳማ ላይ የሚቆመው መሃል ከተማ ነበር። እንዲያውም ከተማው ነው ጣቢያውን ተጠግቶ ያደገው። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለነበር በጠባብ ቦታ መጠምዘዝ ይችላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለከባድ ጭነትና ለፍጥነት ሰፊ ኩርባና ለስላሳ ዳገት ይፈልጋል። ቤት ላለማፍረስም ጭምር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አሮጌውን ሐዲድ ጠርጎ አዲሱን ባቡር እዚያው ማስገባት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ጎማው እንኳ አይገጥምለትም።

ስለዚህ ሰውን ጣቢያው ድረስ ማድረስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 100 ሰው የሚይዝ 8 ፉርጎ ቢቀጠል 800 ሰው ነው። ይህን ሰው በባጃጅ ለማድረስ 267 ባጃጅ፣ በ12 ሰው ሚኒባስ 67 ሚኒባስ በአንድ ጊዜ ጣቢያው በር ላይ መገኘት አለበት። አይሆንም። በ60 ሰው አውቶብስ ግን 14 ይበቃል። ባቡሩ ንጋት 12፡30 የሚነሳ ከሆነ የመጀመሪያው አውቶብስ 11፡30፣ የመጨረሻው 11፡55 ከከተማው መውጣት አለበት። የትኬት ፍተሻና የሻንጣ ማሳያ እንደ ድሬዳዋ መንገደኛ ከሆነ ደግሞ ይህም አይበቃም። የወር ትኬት የያዘ ሰው በተለየ በር ካልገባ ሰልፉ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል።

ለቡ ላይም ያው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለቡ አይደርስም፤ የደቡቡ መጨረሻ ቃሊቲ ነው። ሁለት የባቡር መስመር ያለው ከተማ መንገደኛውን በታክሲ ወረፋ ያገናኛል።

ሌላው የጭነት ባቡሩ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጭነት ከአዳማ ተነስቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሠራተኛው ባቡር በዚያው ሐዲድ ሳይቆም ቢከተለው፣ 40 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ማለትም ሞጆንና ቢሾፍቱን አጋምሶ፣ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ የ120ው ባቡር የ80 ባቡር ሆነ። ወደ አዲስ አበባ ዳገት ስለሆነ ጭነቱ 80ንም ላይጠብቅ ይችላል። ጥንድ ሐዲድ የሚያስቀረው ፊት ለፊት መጠባበቅን እንጂ ይህን አይደለም። መፍትሔው ጭነቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲቀድም ወይም ሞጆ ላይ በጎን ሐዲድ ቆሞ እንዲያሳልፍ በሰዓት ሠሌዳ መወሰን ነው። ከድሬዳዋ በኩል ነጠላው መስመር ላይ የዘገየ ባቡር ሲመጣም የሠራተኛውን ሰዓት መንካት የለበትም።

አንዱን ባቡር ጠዋት ሁለቴ ማመላለስ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ለቡ ላይ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ዞሮ በሌላው ጫፍ ይቀጠላል፤ የፍሬኑ የአየር ቱቦ ይገናኛል፤ አየሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ መድረሱና ፍሬኑ መያዙ ይፈተሻል። ለዚህ ከግማሽ ሰዓት በታች መመደብ ራስን ማታለል ነው። በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል ያለው ባቡር ቢገዛ ይህ ሥራ አይኖርም።

ለአውቶብሶቹ መነሻ ከአሮጌው ጣቢያ ግቢ የተሻለ ቦታ መሃል አዳማ ላይ አይታየንም። ግቢው ለሌላ ግንባታ ሳይሰጥ በፊት ይታሰብበት።

ከአዳማ