ለደሴዋ እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? ወንድምሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናዬን ጠጥቼ ስልኬን ዘግቼ ወረቀት ላይ ነው የምጽፍልሽ። በቴሌግራም ስንቴ ጀምሬ እንዳጠፋሁት አልነግርሽም።

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ሰኔ 2016 ላይ ስለ እናትሽ «እማ አረፈች» ብለሽ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ቢሮ ወለል ላይ ተንበርክኬ ኬብል ስስብ ነው። የዚያኑ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። የበጀት መዝጊያ ነው፣ የንብረት ቆጠራ አለ፣ ሰኔ 30 ሳያልፍ ማንም አይነቃነቅም አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ። ሐምሌ ሲገባ «አሁን ምን ብዬ በሯን አንኳኳለሁ?» አልኩ። ነሐሴ ላይ መደወሉም አሳፈረኝ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ሞላኝ። መጀመሪያ ያስቀረኝ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉ የእኔ ሐፍረት ነው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አንቺንም ያጽናሽ፤ ዘግይቶ የመጣ ማጽናኛ ቢሆንም ተቀበዪኝ።

ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ እጄ ላይ የተገኘ ያንቺ ዕቃ ነው። ወደሱ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን ያለሁበትን ልንገርሽ።

ከሳሪስ ከለቀቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ነፋሱ አያድርስ ነው። ክረምት መረሬው ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ደግሞ ያው መሬት አቧራ ሆኖ በመስኮት ይገባል። ከትናንት ወዲያ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነበር፤ ነገ ቢሮ ስገባ የስንቱን ኮምፒውተር ማራገቢያ በብሩሽ እንደማጸዳ ከወዲሁ ይታየኛል። ሥራዬ ያው የምታውቂው ነው። ከአርባ በላይ ኮምፒውተር፣ ስድስት ፕሪንተር፣ አንድ ሰርቨር፣ እኔና አንድ ጎበዝ ልጅ።

እዚህ ዳር ላይ የሚያስፈራኝ መብራት ሲሄድ አይደለም፣ ሲመጣ ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣና ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ያቃጥላል። ስለዚህ ለሁሉም ያስያዝኳቸው አንድ ነገር ነው፦ መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው ዩፒኤስም ቢሆን ውስጡ ያለው የ12 ቮልት ባትሪ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ይደክማል፤ አንዳንዱ አብጦ ከቤቱ አልወጣም ይላል። ውጭውን እያዩ «ዩፒኤስ አለን» ማለት ዋጋ የለውም። ቶነር፣ ወረቀት መንከስ፣ የተረሳ ፓስወርድ፣ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሒሳብ ክፍል ያለው ወጣት ሳምንት ሙሉ «ኢንተርኔት የለም» እያለ ሲያማርር ነበር። ራውተሩን አየሁ፣ ደህና። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ያው። የትኛውንም ገጽ ሲከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለዋል። በመጨረሻ ዓይኔ ታች ቀኝ ጥግ ላይ አረፈ፤ ኮምፒውተሩ ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ቀን ላይ ቆሟል። እናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምንላት፣ አልቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ትናንት ላይ የቆመ ማሽን የዛሬውን ወረቀት አልቀበልም ይላል። ባትሪዋን ቀየርኩለት፣ ሁሉም ተከፈተ። ልጁ ግን ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲያስብ ከርሟል መሰለሽ? እሱ የማይሆን ነገር ነክቶ ያበላሸው መስሎት አለቃው እንዳይሰማ ሲሳቀቅ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰው በማሽን ፊት ወዲያው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። ስለሚያፍር አይናገርም፤ ሳይናገር በቆየ ቁጥር ነገሩ ይብሳል።

የመዝገብ ክፍላችንን እትዬ ብታውቂያቸው ትወጃቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በትልልቅ ባሕር መዝገብ ሲጽፉ ኖረው ኤክሴል የመጣባቸው በመጨረሻ ነው። መስከረም ላይ አንድ ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠሩኝ። «ልጄ፣ በሩን ዝጊው» አሉ። ዘጋሁት። «ይሄን ነገር አበላሽቼዋለሁ» አሉኝና ዝም አሉ። ስክሪኑን አየሁ። የቀን አምዱ ውስጥ ግማሹ ቀን ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል፤ በቅደም ተከተል ሲያስደረድሩት መስከረም ከሰኔ ጋር ተደባልቋል። ከጎናቸው አንድ ደብተር አለ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየቆዩ መዝገቡን በሙሉ በእርሳስ እንደገና ሲገለብጡ ነበር። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ጎኗ በእርሳሱ ጠቁሯል።

ምክንያቱን አንቺ ወዲያው ታገኚዋለሽ። ማሽኑ የተስተካከለው በአሜሪካን አጻጻፍ ነው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል፣ ያውም በፈረንጆች አቆጣጠር። እትዬ የካቲት 12ን 12/06/2017 ብለው ሲጽፉ እሱ ዲሴምበር 6 ብሎ ይይዘዋል፤ ወደ ቀኝ ይጠጋል። የካቲት 30ን 30/06/2017 ሲሉት ሠላሳኛ ወር ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ወደ ግራ ይጠጋል። ጳጉሜን 5ማ 05/13/2017 ተብሎ ሲጻፍ ሜይ 13 ይሆናል! አሥራ ሦስተኛው ወራችን ከማሽኑ ዘንድ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ሲደረድር ደግሞ ቀን ያላቸውን አስቀድሞ ጽሑፍ ያላቸውን ወደ ታች ይጥላል፤ ለዚህ ነው የተደባለቀው።

«እትዬ፣ እርስዎ አንድም አልተሳሳቱም» አልኳቸው። አላመኑኝም። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የጻፏቸው አኃዞች አልጠፉም፤ ማሽኑ የተረዳበት መንገድ ነው የተጣመመው። ቀን ያደረጋቸውን በጻፉበት ቅደም ተከተል ወደ ጽሑፍ መለስኳቸው። ከዚያ አዲስ አምድ ከፍተን አስቀድመን «ቴክስት» አደረግነውና ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ አስቀመጥነው፤ የካቲት 30 ማለት 2017/06/30፣ ጳጉሜን 5 ማለት 2017/13/05። ጽሑፍ ሆኖም በዚህ ተራ ከተጻፈ ራሱ በትክክል ይሰለፋል። ሲሰለፍላቸው እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ደብተሩን ዘጉትና «ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልነገርኩሽም?» አሉ። እኔ ያን ማታ በታክሲ ስመለስ ያሰብኩት ስለ አንቺ ነው።

ሌላው የስም ነገር ነው። ስማቸው በ«ኃ» የሚጀምር አንድ አባት ከአቃቂ ሁለት ጊዜ መጥተው «ፋይልዎ የለም» ተብለው ተመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፋይላቸው አለ፤ የተመዘገበው ግን በሃሌታው «ሃ» ነው። እኛ ስንሰማው አንድ ነው፤ ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። ለኮምፒውተሩ ሐ እና ኀ፣ ሀ እና መ እንደሚራራቁት ይራራቃሉ። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም በሀሌታው፣ በሐመሩ፣ በብዙኃኑ፣ በንጉሡ ሠ፣ በእሳቱ ሰ፣ አንድ ላይና ነጥሎ እያልሽ ብትጽፊው ከሃያ በላይ መልክ ታገኚለታለሽ። አሁን ፋይል የሚፈልጉትን ልጆች ያስተማርኳቸው የሚያጠራጥረውን ፊደል ትተው በቦታው የጥያቄ ምልክት አድርገው እንዲፈልጉ ነው፤ ምልክቷ ማንኛውንም አንድ ፊደል ትተካለች። «የለም» ከማለታችሁ በፊት በዚህ ፈልጉ ብያቸዋለሁ።

«ሲስተም የለም» የምትለዋንም ቃል ከበሩ ላይ አስነሥቻታለሁ። ሰው ሦስት ታክሲ ይዞ መጥቶ ይህችን ሰምቶ እንዲመለስ ማድረግ ግፍ ነው። በምትኩ መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው፣ ወይስ ማሽኑ ነው የሚለውን፣ መቼ ቢመለሱ እንደሚሻል ጭምር በትልቁ ጽፈን እንለጥፋለን። ይህን ለማስፈቀድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ጥቅምት 4 ቀን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለብኝ። ግማሹ ኮምፒውተራችን አሮጌ ስለሆነ 11ዱን አይቀበልም፤ መግዣ በጀት እስኪመጣ ኢንተርኔት የማያስፈልጋቸውን ከመስመር ለይቻቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አይጥ ከጣሪያው በላይ ኬብል በልታብኝ መሰላል ላይ ወጥቼ ጫፉን ልጬ የውስጡን ሽቦዎች በየቀለማቸው ስደረድር ከአፌ ምን ወጣ መሰለሽ? ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ለፈተና ስናጠና እናትሽ ከአልጋው ጫፍ ሆነው «ጸሎት ነው እንዴ?» ያሉን ነገር። መሰላሉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ የኬብል ጫፍ ማሰሪያውን ክሪምፐር ልመልስ የድሮ የመሣሪያ ሣጥኔን ስከፍት ከሥሩ ያንቺን ፍላሽ አገኘሁት። ሰማያዊዋ፣ 4 ጊጋዋ፣ ክዳኗን በጥርስሽ የነከስሻት።

ስሰካት ያ የምናውቀው ቫይረስ አለባት። ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያላቸው አቋራጮች ሆነዋል፤ ሁሉም አንድ አንድ ኪሎባይት። ሌላ ሰው ቢሆን ጠፍቷል ብሎ ፎርማት ያደርጋት ነበር። እኔ ግን ምን ያህል እንደተያዘ ሳይ ከ3 ጊጋ በላይ ሙሉ ነው። ያ ቫይረስ እንደሆነ አይሰርዝም፤ እውነተኛውን ፎልደር ይሰውረውና በቦታው ሐሰተኛውን ያስቀምጣል። ቀስቶቹን አንዱንም ሳልነካ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በጥቁሩ መስኮት ገብቼ በአትሪብ ትእዛዝ መሰወሪያውን አነሣሁለት። አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

የ2007ቱ የምረቃችን ሰሞን ነው። እናትሽ ሳሪስ ያቺ የኪራይ ክፍላችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሰል ሲያራግቡ፤ ከኋላቸው ኮምፒውተራችን፣ አቧራ እንዳይገባው ብለው ከደሴ ያመጡለትን ዳንቴል ለብሶ። በሶ ሲበጠብጡልን። አንቺ ጋዋንሽን ለብሰሽ እሳቸው አንገትጌሽን ሲያቃኑልሽ። 61 ፎቶ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አንዲት ቪዲዮም አለች፣ 11 ሰከንድ። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ነሽ የምትይዢው። እሳቸው ጀበናውን እያነሱ «ኑ እንጂ፣ ቡናው ፈላ» ይላሉ።

በቴሌግራም ልልክልሽ አሰብኩና ተውኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሶ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ደግሞም ይህ በእጅ የሚሰጥ ነገር ነው። አዲስ ፍላሽ ገዝቼ ቫይረሱን አጽድቼ ገልብጬልሻለሁ፤ ሌላ ቅጂ እኔ ጋ አለ። የጎረቤቴ ወንድም ማክሰኞ ወደ ደሴ ስለሚሳፈር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል። አሮጌዋን ግን እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ አስፈርሜያለሁ፣ ከገና በኋላ አንድ ሳምንት። መቃብራቸው ጋ ትወስጂኛለሽ። ብትቆጪኝም እችለዋለሁ፣ ብቻ በሩን ክፈቺልኝ።

ቪዲዮዋን ለብቻዋ በአንድ ፎልደር አድርጌያታለሁ፣ ሳታስቢው እንዳትከፍቺያት። ስትከፍቺያት ብቻሽን አትሁኚ፤ ወንድምሽን ጥሪው።

እህትሽ