ኖቬምበር ሲደርስ ጉዳዩ አልቋል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ምርጫ በመጣ ቁጥር የኖቬምበሩን ፉክክር በሰፊው ይዘግባል። ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን ስለሚለዩበት ምርጫ፣ ስለ ፕራይመሪው ግን ከአንድ አንቀጽ የዘለለ አላነበብኩም። በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ለምንኖር ሐበሾች ዋናው ምርጫ እሱ ነው።

የካውንቲያችን ምክር ቤት አባላት እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ ምርጫ ወዲህ በሙሉ ዴሞክራቶች ናቸው። በኖቬምበር ማን እንደሚያሸንፍ ሁሉም ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ከገዛ ፓርቲው የሚነሣበት ተፎካካሪ ብቻ ነው። በ2022 ፕራይመሪ የካውንቲው አስተዳዳሪ ማርክ ኤልሪች በነጋዴው ዴቪድ ብሌየር ተፈትነው፣ ሁለቱም ከ55 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው፣ ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ ኤልሪች ያለፉት በ32 ድምፅ ነው። ከዚያ በፊት በ2018 ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነቱ 77 ነበር። ሠላሳ ሁለት ሰው! በእኛ እድር ለቅሶ ቤት የሚያመሸው ሰው ከዚህ ይበልጣል። በ2023 ምክር ቤቱ የብዙ አፓርታማዎች የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ሕጉን የሚወድም የሚጠላም አለ፤ ኪራይ ከፋዩ ግን ሕግ አውጪዎቹ በየትኛው ቀን እንደሚመረጡ ሊያውቅ ይገባዋል።

እኔም ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ዜግነት አግኝቼ የመራጭነት ቅጽ ስሞላ «ፓርቲ» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በኢሠፓ ዘመን ላደገ ሰው ፓርቲ ማለት መዋጮ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ ሥርዓት ሲለወጥም የሚያስጠይቅ ስም ነው። የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ተገላገልኩ። ሜይ 14 ቀን 2024 ከሥራ በፊት በሰፈራችን ወዳለው የምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የትምህርት ቦርድ እጩዎች ብቻ ነበሩ፤ የሴናተር የለም፣ የኮንግረስ እንደራሴ የለም። ተሳስታ መስሎኝ አስተናጋጇን ጠየቅኳት። በሜሪላንድ በፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ምዝገባን መቀየር የሚቻለውም ምርጫው ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ እንደነበር በትሕትና አስረዳችኝ። ወረቀቴን ለማሽኑ ሰጥቼ ስመለስ፣ ሰልፍ ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት በአማርኛ «ምን አሉህ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ እኔ ነበሩ። (በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ ይህ አይገጥምም፤ እዚያ ያላችሁ ዕድሉን አታባክኑት።)

ተፎካካሪው ቢሸነፍም ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ከ1993 ጀምሮ በኮንግረስ የነበሩትን አልበርት ዊንን ውሰዱ፤ የያኔው ወረዳቸው አብዛኛውን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲና የእኛን ካውንቲ ከፊል ያካትት ነበር። በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ፈቃድ ድምፃቸውን ሰጡ። በ2006 ዶና ኤድዋርድስ በፕራይመሪ ተነሥታባቸው ለጥቂት አመለጡ። በማግስቱ ሰውየው ተለወጡ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ይከሰሱ የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ እስከ መደገፍ ደረሱ። መራጩ ግን የቀድሞውን አልረሳም፤ በፌብሩዋሪ 2008 ኤድዋርድስ ዳግም ቀርባ አሸነፈቻቸው።

ፕራይመሪን የሚዘውረው ገንዘብ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት የሆነበት ቦታ አለ፤ በ2024 በኒው ዮርክ የኮንግረስ አባሉ ጀማል ቦውማን ወንበሩን ያጣው በገንዘብ ጎርፍ መካከል ነው። ነገር ግን እኔ የሴናተር እጩ የሌለበት ወረቀት ይዤ በቆምኩበት ዕለት፣ ለሴናተርነት የተወዳደረው ዴቪድ ትሮን ከገዛ ኪሱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ በአንጀላ አልሶብሩክስ ተሸንፏል። መራጩ ባነሰ ቁጥር ገንዘቡ ይበረታል፤ ስለዚህ መቅረታችን ገንዘብ ላለው ሰው ማገዝ ነው።

ስለ አገራችን አቤቱታ ይዘን፣ ሰንደቅ ዓላማ ለብሰን የእንደራሴዎችን ቢሮ ስናንኳኳ ኖረናል። ፎቶ ያነሡናል፣ ያመሰግኑናል። ማን በየትኛው ምርጫ ወጥቶ እንደመረጠ ግን መዝገቡ ያሳያል፤ የቅስቀሳ ቡድኖችም ማንኳኳት ያለባቸውን በር የሚለዩት ከዚያ መዝገብ ነው። በፕራይመሪ ያልመረጠ ሰው በር ሳይንኳኳ ያልፋል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ የፓርቲ ምዝገባ መቀየሪያው ቀን ሊያልፍ አንድ ወር ሲቀረው ቀኑን በመጀመሪያው ገጽ አውጡት። በየወረዳው ነባሩን ማን እየተፎካከረው እንደሆነ ጻፉ፤ ሁለቱንም ጠርታችሁ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ ቪዛ ጠይቁልን። እኔ ምዝገባዬን በስልኬ በጥቂት ደቂቃ ቀይሬአለሁ፤ መዋጮ የጠየቀኝም ስብሰባ የጠራኝም የለም። እኚያ አዛውንት ኢንተርኔት አይጠቀሙም። ጋዜጣችሁን ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከእንጀራ መሸጫው ሱቅ ይወስዳሉ።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ