ልጃችንን ከትምህርት ቤት ከማስወጣታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ስሆን፣ መካከለኛው ልጄ ኦቲዝም አለበት። ካለፈው ክረምት ወዲህ አራት ኢትዮጵያውያን ወላጆች እንደ እኔ ልጅ ያለ ልጃቸውን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥተው በቤት ለማስተማር ማሰባቸውን ነግረው ምክር ጠይቀውኛል። ልጁ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሲወጣ አብሮ የሚያጣው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከአራቱ ለአንዳቸውም የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ከአምስት ዓመት በፊት ይህንኑ ውሳኔ ስወስን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ሌላ ቤተሰብ ሳያውቅ እንዳይወስን በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በዚህ አገር አካል ጉዳተኛ ልጅ በነፃና ለእርሱ በሚስማማ መንገድ የመማር መብት ያገኘው በቀላሉ አይደለም። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ በሰባት ልጆች ስም የቀረበ ክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወሰን፣ የትምህርት ቦርዱ «ገንዘብ የለኝም» የሚል መከራከሪያ አቅርቦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን የገንዘብ እጥረት ካለ ሸክሙ በአካል ጉዳተኛ ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይበልጥ ሊወድቅ እንደማይገባ ፈረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት የፌዴራል ሕግ መብቱን በመላ አገሪቱ አጸናው። በዚህ ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ የልጁን ችግር በራሱ ወጪ ይመረምራል፤ ከዚያም እኛ ወላጆች «አይኢፒ» ብለን የምንጠራውን፣ ለዚያ አንድ ልጅ ብቻ የሚዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ ከወላጅ ጋር ተቀምጦ ያወጣል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ምርመራውም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የንግግር ሕክምና፣ የእጅና የጣት እንቅስቃሴ ልምምድ፣ ረዳት መምህር፣ አነስተኛ ክፍል፣ መጓጓዣም ቢሆን፣ በዕቅዱ ውስጥ ከተጻፈ ትምህርት ቤቱ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ወላጅ «በቤት አስተምራለሁ» ብሎ ሲያሳውቅ ግን ይህ ግዴታ ይቋረጣል። ልጁን የመመርመር ኃላፊነት ባይነሣም፣ በዕቅዱ የተጻፈውን አገልግሎት የመስጠት ግዴታ በእኛ ግዛት ከትምህርት ቤቱ ላይ ይወርዳል፤ ሕክምናውን መፈለግም ሆነ መክፈል የወላጅ ፈንታ ይሆናል።

እኔ ልጄን ያስወጣሁት ሁለተኛ ክፍል እያለ ነበር። በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተደወለልኝ «ዛሬ አስቸግሯልና ውሰጂው» እባል ነበር። በመጨረሻው ስብሰባ ስድስት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው፣ እኔ ያላነበብኩትንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ገጽ ወረቀት እያገላበጡ ሲነጋገሩ፣ ከምሰማው ግማሹን እንኳ ሳልረዳ ራሴን እየነቀነቅሁ ወጣሁ። ዕቅዱን እንዲለውጡ መጠየቅ እንደምችል አላወቅሁም። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ መሆኑንም፣ በሜሪላንድ ሕግ የስብሰባው ሰነዶች ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ ሊደርሱ እንደሚገባም አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት የማስወጫውን ቅጽ ሞላሁ።

በቤት ያሳለፍናቸው አሥራ አራት ወራት ባዶ እንዳልነበሩ በሙሉ ልብ መመስከር አለብኝ። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ጠዋት ሲገባ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያው ሥራዬ እስክሄድ ድረስ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አብረን እንማር ነበር። ልጄ ማንበብ የጀመረው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጩኸቱ፣ የደወሉ ድምፅ፣ የምግብ አዳራሹ ግርግር ሲቀርለት እንቅልፉ ተስተካከለ፤ ጥፍሩን እስኪደማ መንከሱን ተወ። ይህን ያየች እናት በቤት የሚያስተምሩትን ልትነቅፍ አይቻላትም። ጊዜው፣ አቅሙና ትዕግሥቱ ላለው ቤተሰብ ምርጫው ሕጋዊና የተከበረ ነው፤ በሜሪላንድ ወላጅ ከመጀመሩ ከ15 ቀናት በፊት አሳውቆ፣ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ ኅብረተሰብ ትምህርትን፣ ሥነ ጥበብን፣ ሙዚቃን፣ ጤናንና ስፖርትን እያስተማረ የልጁን ሥራ ለግምገማ ያቀርባል። በቨርጂኒያ ደግሞ ማስታወቂያው እስከ ኦገስት 15 መግባት፣ የልጁ መሻሻል ማስረጃም በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 መቅረብ አለበት።

ያጣነው የታወቀኝ ዘግይቶ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያገኘው የነበረው የንግግር ሕክምና ቆመ፤ በግል ለመክፈል ሞክረን ከሁለት ወር በላይ አልዘለቅንም። በእኩዮቹ መካከል ተራ መጠበቅን፣ «እኔም ልጫወት» ማለትን በቤት ውስጥ ከእኔና ከታናሽ እህቱ ሊማረው አልቻለም። እኔም በድካም ብዛት ድምፄን ከፍ የማደርግበት ቀን እየበዛ ሄደ። ልመልሰው ስወስን የቀድሞው ዕቅድ እንዳለ አልጠበቀኝም፤ ምርመራው እንደ አዲስ ተጀምሮ፣ ስብሰባው ተጠርቶ፣ ዕቅዱ እስኪጻፍ ወራት ፈጀ። ዛሬ ልጄ የሚማረው ኦቲዝም ላላቸው ልጆች በተዘጋጀ፣ ጥቂት ተማሪዎች ባሉበት ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ያለው በሰፈራችን ትምህርት ቤት ባለመሆኑ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራትም በልቅሶ ነው ያሳለፍናቸው። አሁን ግን የሚፈልገውን በአፉ ይጠይቃል።

ካማከሩኝ ወላጆች ሁለቱ ልጃቸውን ለማስወጣት የፈለጉት በልጁ ፍላጎት ምክንያት ብቻ አልነበረም። አንዷ «በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሰዎች ልጆች እዚያው ይማራሉ፤ ልዩ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያያሉ» አለችኝ። የሰው ዓይን እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁና አልፈረድኩባትም፤ እኔም ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ የልጄን ነገር በስልክ ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሆኖም ልጅን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ የሚደረግ የቤት ትምህርት፣ ለልጁ ታስቦ ከሚደረገው ጋር አንድ አይደለም። ሌላው አባት «በቤት አማርኛ ማውራት አቁሙ ተብለናል» ሲለኝ ደግሞ እጅግ አዘንኩ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደማይጎዳ በጥናት የታወቀ ነው፤ ልጄ አያቱን በአማርኛ ሰላም ይላታል፣ እርሷም የምታውቀው ሌላ ቋንቋ የለም።

ስለዚህ ለመወሰን የተቃረቡ ወላጆችን የምለምነው፣ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት አንድ ስብሰባ በጽሑፍ እንዲጠይቁ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሰነዱ ቀድሞ ይድረሳቸው፤ በትምህርት ቤቱ ምርመራ ካልተስማሙ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምርመራ የመጠየቅ መብት አላቸው። «ልጁ ትንሽም ቢሆን ተሻሽሏል» የሚል መልስ አያሳምናቸው። በኮሎራዶ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ባቀረቡት ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ አንጻር ተገቢውን መሻሻል እንዲያስገኝ ታስቦ መዘጋጀት አለበት። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቤት ይሻላል ካሉ፣ የሚተዉትን ነገር አውቀው ይተዉት።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ቤት ግዢና ስለ ግብር በየጊዜው በባለሙያ እንደሚያስጽፈው ሁሉ፣ የልዩ ትምህርትን ሕግ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ የሚጽፍበት ዐምድ ቢከፍት፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ምደባ በፀደይ ወራት ስለሚወስኑ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ የካቲት መጨረሻ ቢወጣ ለብዙ ቤተሰብ ይደርሳል። ከጸሐፊው ጋር ሆኜ የወላጆችን ጥያቄ ለመሰብሰብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ