አባዬ፣ ያን ኮሜንት አጥፍቼዋለሁ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ብደውል አያነሱም። መልእክት ስልክልዎት ደግሞ እንዳነበቡት ያሳየኛል እንጂ መልስ የለም። ስለዚህ ደብዳቤ ልጻፍ አልኩ። ረዘም ስለሚል መነጽርዎን ያድርጉ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እርስዎ ሼር ካደረጉት ቪዲዮ ስር የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ። «ዕድሜ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም» ያልኩት ለአባቴ ነው፣ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። የማላውቃቸው ሰዎች ላይክ አደረጉልኝ፣ አንዱማ «አበጀህ» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔም በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። አሁን የሚያንገበግበኝ ከስድቡ ይልቅ ያ ደስታ ነው።

ካጠፋሁት በኋላ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ጾታ ትርጉም፣ ስለ አሜሪካና ስለ እንግሊዝ ፓርቲዎች፣ እኔና እርስዎ ስንት ሌሊት ስንነታረክበት ስለነበረው ነገር ሁሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ልንገርዎት፣ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

«ከሰው 1.7 በመቶው ወንድ ነው ሴት ነው ተብሎ ሳይለይ ይወለዳል» ብዬ የላክሁልዎትን ያስታውሳሉ? ቁጥሩ አን ፋውስቶ-ስተርሊንግ ከምትባል አሜሪካዊት የባዮሎጂ ምሁር የመጣ ነው፣ በ2000 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎት)። በ2002 ደግሞ ሊዮናርድ ሳክስ የሚባል ሐኪም ተነስቶ የለም፣ 0.018 በመቶ ነው አለ። መቶ እጥፍ ገደማ ልዩነት ነው! ገብቼ ሳየው ግን አንዳቸውም አልዋሹም። የተለያዩት ማን ይቆጠር በሚለው ላይ ነው። ከ1.7ቱ ውስጥ 1.5 ያህሉ አድሬናል ከሚባለው እጢ ሆርሞን ጋር የተያያዘ ችግር ያለባቸው ሰዎች ናቸው፣ ምልክቱ ቆይቶ የሚመጣ፣ ሲወለዱ አብዛኞቹ ላይ ምንም የተለየ ነገር የማይታይ። ሳክስ እነሱን አይቆጥርም። እንግዲህ «ሳይለይ ይወለዳል» ያልኩት ስህተት ነበር። ቁጥሩን ከአንድ ፖስት ላይ አንስቼ ነው እንደ ዱላ የወረወርኩብዎት።

አንድ ሌላም አለ። እርስዎ ዘወትር «የሚወልድና የሚያስወልድ፣ በቃ፣ አለቀ» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። በባዮሎጂ ትልቅ የዘር ሕዋስ አለ፣ እንቁላል፤ ትንሽ አለ፣ የወንድ ዘር፤ ሦስተኛ ዓይነት የለም። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ግን አዎ ካልኩ ከሌላኛው ወገን ጋር የቆምኩ ስለሚመስለኝ ዝም አልኩ። እውነት መሆኑን እያወቅሁ፣ የሚናገረው ሰው የእኔ ወገን ስላልሆነ ብቻ።

«አለቀ» የሚለው ላይ ግን አሁንም አልስማማም፣ ምክንያቴን ይስሙኝ።

ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ-ፓቲኞ የምትባል ስፔናዊት የመሰናክል ሯጭ ነበረች። በ1985 ጃፓን ኮቤ ለዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሄደች፣ የሴትነት ምርመራ አደረጉላት፣ ክሮሞዞሟ እንደ ወንድ ኤክስዋይ ሆኖ ተገኘ። ሴት ሆና ነው የተወለደችው፣ ሴት ሆና ነው ያደገችው፣ እሷም ቤተሰቧም ሌላ ነገር አስበው አያውቁም። ሰውነቷ የወንድ ሆርሞን ያመነጫል እንጂ ሆርሞኑን ሊጠቀምበት አይችልም፣ ስለዚህ ያ ሆርሞን ጉልበት አልሆናትም። የቡድኑ ሐኪም የተጎዳሽ አስመስለሽ ውጪ አላት፣ አደረገችው። በቀጣዩ ዓመት ግን አልወጣም ብላ በአገሯ ሻምፒዮና ሮጠች፣ አሸነፈችም፤ ወዲያው ነገሩ ለጋዜጣ ሾልኮ ወጣ። ስኮላርሺፗ ተወሰደ፣ ውጤቶቿ ተሰረዙ፣ እጮኛዋ ጥሏት ሄደ። ተከራክራ የመወዳደር መብቷ የተመለሰላት በ1988 ነው። አባዬ፣ በእርስዎ «አለቀ» ውስጥ ይህችን ሴት የት እናስቀምጣት? አንድ ምሳሌ ሕግ አያፈርስም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት፣ አያፈርስም። እኔ የምለው ሕጉን የሚያወጣው ሰው እሷ መኖሯን ይወቅ ነው። አሁን የዓለም አትሌቲክስ ከመስከረም 2025 ጀምሮ በሴቶች ምድብ ለሚወዳደሩ ኤስአርዋይ የሚባለውን፣ ጽንስ ወደ ወንድነት እንዲያድግ የሚያስጀምረውን ጂን መመርመር ግዴታ አድርጓል፣ ጂኑን በ1990 ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው አንድሩ ሲንክሌር ራሱ ደግሞ ይህ ለዚህ ሥራ አይሆንም ብሎ ተቃውሟል። ሴቶች በሴቶች ምድብ በፍትሕ ይወዳደሩ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ እህቴም ሯጭ ብትሆን እጠይቀው ነበር። ግን የአንድ መስመር ኮሜንት አይፈታውም።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ፣ ያቃጠለን እሱ ስለሆነ።

ያቺን ቪዲዮ ይልኩልኝ ነበር፣ በመጋቢት 2022 ሴናተር ማርሻ ብላክበርን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጨችውን ኬታንጂ ብራውን ጃክሰንን «ሴት ለሚለው ቃል ትርጉም መስጠት ትችያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ እሷም የባዮሎጂ ባለሙያ አይደለሁም ስትል። እርስዎ ሳቁ፣ እኔ ተናደድኩ፣ ቪዲዮው ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ዳኛዋ ቀጥላ ያለችው አለ፦ የዳኛ ሥራ ክርክር ሲነሳ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ሕጉን አይቶ መወሰን ነው። መልሱ አጥጋቢ ነው አይደለም እንከራከርበት፣ ግን ሁለታችንም እሱን ሳንሰማ ነበር ስንት ቀን የተነታረክነው።

የትራምፕ ትእዛዝም አለ፣ ጥር 20 ቀን 2025 ዳግም ሥልጣን በያዘበት ቀን የፈረመው። ሴት ማለት ከተጸነሰችበት ጊዜ ጀምሮ ትልቁን የዘር ሕዋስ የሚያመነጨው ጾታ የሆነች ናት ይላል። እርስዎ በቃ ተፈታ አሉ። እኔ ደግሞ ጽንስ በተጸነሰ ዕለት ምንም ሕዋስ አያመነጭም፣ ወንድና ሴት የሚያደርገው አካል መለየት የሚጀምረው ስድስተኛ ሰባተኛ ሳምንት ላይ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ያልኩት እውነት ነው። ግን ትእዛዙ ለማን ምን ያደርጋል፣ ፓስፖርት ላይ ምን ይጻፋል፣ እስር ቤት ማን የት ይታሰራል የሚለውን ትተን በቃሉ ላይ ብቻ አመሸን።

አሁን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝን ልንገርዎት። ኤሚ ስቲቨንስ የምትባል ትራንስጀንደር (ስትወለድ ወንድ የተባለች፣ ራሷን ግን ሴት ብላ የምታውቅ) አሜሪካዊት ነበረች፣ የቀብር አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ። ከዓመታት ጭንቀት በኋላ በ2013 ለአሠሪዋ ደብዳቤ ጻፈች፣ ከእረፍት ስመለስ ሴት ሆኜ ነው የምመጣው ብላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተባረረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሰኔ 15 ቀን 2020 በ6 ለ 3 ለእሷ ተፈረደ። እሷ ግን አልሰማችም፣ ከወር በፊት ሞታለች። ፍርዱን የጻፈው ማን መሰለዎት? ኒል ጎርሰች፣ ትራምፕ ራሱ የሾመው ወግ አጥባቂ ዳኛ። እንዴት እንደደረሰበት ይመልከቱ። በሥራ ቦታ አድልዎን በሚከለክለው የ1964 ሕግ ውስጥ ጾታ የሚለው ቃል በትውልድ ወንድ ወይም ሴት መሆን ማለት ነው እንበል ብሎ ተነሳ፣ ማለትም የእርስዎን ትርጉም ይዞ። ከዚያ ግን ይህችን ሰው ያባረራችሁት ስትወለድ ወንድ ስለተባለች ነው፣ ስትወለድ ሴት የተባለች ብትሆን ያንኑ ልብስ ለብሳ ብትመጣ አታባርሯትም ነበር፣ እንግዲህ ምክንያታችሁ ውስጥ ጾታ አለ አለ። አባዬ፣ የእርስዎን ትርጉም ይዞ እኔ ወዳልኩት ቦታ ደረሰ! ይህን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እኛ እኮ የትርጉሙን ክርክር ያሸነፈ ሁሉንም ያሸንፋል ብለን ነበር የምንዋጋው።

የእንግሊዙም እንደዚሁ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ ሴት ማለት በተፈጥሮ ሴት የሆነች ማለት ነው ብሎ ወሰነ፣ አምስቱም ዳኞች ተስማምተው። አንዱ ወገን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሻምፓኝ ከፈተ፣ ሌላው በዚያው ሳምንት ለንደን ላይ በሺዎች ሆኖ ሰልፍ ወጣ። እርስዎ «አየህ!» ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉልኝ። ግን ሎርድ ሆጅ ፍርዱን ሲያነብ፣ ይህን አንዱ ወገን በሌላው ላይ የተቀዳጀው ድል አድርጋችሁ አትዩት ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፣ ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎች በዚያው ሕግ ከአድልዎ እንደተጠበቁ ናቸው ብሎም ነበር። ይህን እርስዎ አልላኩልኝም። እኔም አንብቤ አልነገርኩዎትም፣ ምክንያቱም አላነበብኩም፣ ተናድጄ ብቻ ነበር።

ደግሞ ይህ ነገር ሁልጊዜ የፓርቲ መታወቂያ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ በ2017 ሰዎች ጾታቸውን በሕግ የሚያስቀይሩበት ሂደት ይቅለል ያለችው ቴሬዛ ሜይ ናት፣ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ሐሳብ ስኮትላንድ ሕግ አድርጋ ስታጸድቀው፣ በጥር 2023 ያገደው የዚያው የሜይ ፓርቲ መንግሥት ነው። የሰው ልጅ አካል በአምስት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደቆመ ነው። አሁን አንድ ሰው ስለ ግብር ያለውን አቋም ከነገሩኝ ስለ ክሮሞዞም የሚለውንም መገመት እችላለሁ፣ ይህ ደግሞ ጤናማ አይመስለኝም። ግብርና ክሮሞዞምን ምን አገናኛቸው?

ስለ ቃሉ ሳስብ ደግሞ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ጾታ በግዕዝ ወገን፣ ክፍል፣ ዓይነት ማለት እንደሆነ ልጅ ሆኜ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ምእመናን ሦስት ጾታ ናቸው፣ ካህናት፣ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ብለው እየቆጠሩ። ዛሬ ለአካሉ ጾታ እንላለን፣ ለማኅበራዊው ነገር ሥርዓተ ጾታ የሚል ቃል ሠርተናል፣ ያም ሆኖ ስንጣላ ሁለቱን እናደባልቃለን። እርስዎ ስለ አካል ሲያወሩ እኔ ስለ ሰው ኑሮ እመልሳለሁ፣ እኔ ስለ ሕግ ስጠይቅ እርስዎ ስለ አካል ይመልሳሉ። አሁን ሳስበው አንድም ቀን ስለ አንድ ጥያቄ አውርተን አናውቅም። ደግሞ ይህን ስጽፍ ልብ ያልኩት፣ «አንተ» እና «አንቺ» ብንል ግሱ ሁሉ ወንድና ሴት ይለያል፣ «እርስዎ» ስል ግን አይለይም። ለእርስዎም ለእማዬም አንድ ነው። ምንም አያረጋግጥም፣ አውቃለሁ፣ ብቻ ደስ አለኝ።

ሐሳብዎን ይቀይሩ አልልም። እኔም ብዙውን አልቀየርኩም። ሰው ሴት ነኝ ብሎ ሲነግረኝ በመረጠው ስም እጠራዋለሁ፣ ያ ከእኔ ምንም አይወስድም ብዬ አምናለሁ። እርስዎ ያንን መዋሸት ነው ይላሉ። በዚህ ላይ አንስማማ ይሆናል፣ እስከ መጨረሻውም ላንስማማ እንችላለን። ግን ከአሁን በኋላ ቪዲዮ ሲልኩልኝ ሙሉውን ይላኩልኝ፣ እኔም ቁጥር ስልክልዎት ከየት እንደመጣ አብሬ እጽፋለሁ። ሰው ፊት ደግሞ አንመላለስ፣ እባክዎ። እኔ በበኩሌ ለእርስዎ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ሁለተኛ አልመልስም።

ትንሿ እህቴ ከቤተሰቡ ግሩፕ እንደወጣች አይተዋል? ሁለታችን ሌሊቱን ስንሰዳደብ ባደርንበት ማግስት ነው የወጣችው፣ አንድ ቃል ሳትጽፍ። እኔም ዝም አልኳት፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ። እርስዎም የደወሉላት አይመስለኝም።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ያንሱልኝ፣ ከዚያ አብረን ለእሷ እንደውል።

ልጅዎ