ለደንበኞቻችን፦ ወደ ኦኬፌኖኪ ረግረግ ለመሄድ ስታስቡ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከአትላንታና ከአካባቢዋ ስለ ኦኬፌኖኪ የምትጠይቁን እየበዛችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ዋጋውንና የመንገዱን ርዝመት ነው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቃችሁ በየትኛው በር እንደምትገቡ ነው። በሩ ከተሳሳተ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃልና።

ኦኬፌኖኪ በደቡብ ምሥራቅ ጆርጂያ፣ የፍሎሪዳን ድንበር ተንተርሶ የሚገኝ፣ ከ400,000 ኤከር በላይ ስፋት ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። በ1937 ተከለለ፤ በ1974 ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ሰው እንዳይሠራበት በሕግ ተጠበቀ። ስለዚህ መሀሉን የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ የለም። ከምሥራቁ በር ወደ ምዕራቡ ለመሄድ ዙሪያውን መዞር ግድ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ጂፒኤስ ላይ «ኦኬፌኖኪ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ የበሩን ስም ጻፉ።

ልጆችና አዛውንት ይዛችሁ ለምትሄዱ የምንመክረው በፎክስተን ከተማ በኩል ያለውን የምሥራቁን በር ነው። መግቢያው በመኪና 5 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ያገለግላል። ከዚያ በመኪና ወደ ቼሰር ደሴት ትሄዳላችሁ፤ በረግረጉ ላይ የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ሲሄዱ ሦስት አራተኛ ማይል ያህል ነው፤ ሲመለሱም ያው ነው። ጫፉ ላይ ማማ አለ። ማማው ደረጃ ስላለው ጉልበት የሚያማቸው ታች ቢጠብቁ ይሻላል፤ መተላለፊያው ራሱ ግን ሜዳ ነው። በጀልባ ለሚገቡ የሱዋኒ ቦይ እዚሁ ይጀምራል። ቦዩ በ1890ዎቹ ረግረጉን ለማድረቅ የተቆፈረ ነው። ውሃው አልደርቅ ብሎ ሥራው ቀረ፤ ቦዩ ግን ዛሬ ከሁሉ ቀላሉ የታንኳ መስመር ሆኗል፤ ቀጥ ያለና ሰፊ ስለሆነ ለጀማሪ አያስቸግርም።

የምዕራቡ በር ከፋርጎ ከተማ 18 ማይል ያህል ገባ ብሎ ያለው የስቲቨን ፎስተር ፓርክ ነው። እዚያ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽበት የተንጠለጠለው ስፓኒሽ ሞስ የሚባል ተክል ውሃውን ሊነካ ይደርሳል። በጀልባ ወደ ቢሊ ደሴት መሄድ ይቻላል፤ ዛፍ ቆራጮች የሰፈሩባት ከተማ ዝገት የበላው ብረት አሁንም ጫካው ውስጥ አለ። ሌሊት ሰማይ ማየት የምትወዱ ይህንን ምረጡ፤ አካባቢው መብራት ስለሌለው በ2016 የጨለማ ሰማይ ፓርክ የሚል ዕውቅና አግኝቷል። ማታ በሩ ይዘጋል፤ ነዳጅ ፋርጎ ሳትደርሱ ሙሉ፤ ስልክም ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ። በዌይክሮስ በኩል ያለው የሰሜኑ በር ለአጭር ጉብኝት ይበቃል።

ከአትላንታ እንደ በሩ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚነዳ ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን አንቀበልም። የምሥራቁ በር ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የብርድ ወቅት ከቀኑ 5:30፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ 7:30 ላይ ይዘጋል። እዚህ ደብዳቤ ላይ ዓመቱም ወሩም ሰዓቱም በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ በኛ ሲሆን ከቀኑ 11:30 እና ከምሽቱ 1:30 መሆኑ ነው። በዚህ መምታታት የተነሳ ከተዘጋ በር ፊት መቆም ስለሚያጋጥም ለቤተሰቡ ስታስተላልፉ በሁለቱም ንገሯቸው።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ነው። ከግንቦት በኋላ ሙቀቱ፣ ትንኙና ነካሹ ዝንብ ያስመርራል፤ ከሰዓት በኋላም መብረቅ አለ። የካቲትና መጋቢት ሁዳዴ ስለሚሆን የጾም ስንቅ አስቡ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለታንኳ የተመቹ ናቸው፤ አይፈሱም፣ ማሞቂያም አይፈልጉም።

ስለ አዞ ብዙ ትጠይቃላችሁ። እዚህ ያለው የአዞ ዘመድ የሆነው አሊጌተር ነው፤ የጫሞን አዞ ያህል ሰው አሳዳጅ አይደለም። በብርድ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ዳር ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፤ ከታንኳው ሲያያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ውሃ ውስጥ ይገባል። መንገድ ከዘጋ ቆም ብላችሁ ጠብቁት። ፍርፋሪ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ከሰው እጅ የለመደ አሊጌተር ፍርሃቱን ይተዋል፤ ያኔ ለሰውም ለራሱም ሞት ነው። መዋኘት አይፈቀድም፤ ውሻም ታንኳ ላይ አይወጣም።

ውስጡ ለማደር የምትፈልጉ ይህንን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡ። ፈቃዱ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ (Recreation.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ ይያዛል፤ የሚከፈተው ከሁለት ወር በፊት ነው። በአንድ ማደሪያ በአንድ ሌሊት የሚያድረው አንድ ቡድን ብቻ ስለሆነ የመጋቢት ቅዳሜዎች ቶሎ ያልቃሉ። የቡድኑ ብዛት ከ20 አይበልጥም፤ የማኅበር ጉዞ ያሰባችሁ የቀን ጉብኝት ያዙ። ከ10 ሰዓት ማለትም ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ከወደቡ መነሳት ግዴታ ነው። ምክንያቱ መስመሩ ነው፤ ካርታው ላይ 8 ማይል አጭር ቢመስልም ከቦዩ ስትወጡ ውሃው ይሳሳል፣ የውሃ አበባውና ሣሩ መቅዘፊያውን ይይዛል። በሰዓት ከ2 ማይል በላይ አትቁጠሩ። ከጀምበር ግባት እስከ ንጋት ከማደሪያው መንቀሳቀስ አይቻልም።

አብዛኛው ማደሪያ ውሃ ላይ የቆመ የእንጨት መድረክ ነው። ካስማ የሚመታበት መሬት ስለሌለ ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳንና ማሰሪያ ገመድ ያዙ። መድረኩ ላይ እሳት አይነድም፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል። የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፤ የረግረጉ ውሃ የሻይ ቀለም ያለው አሲዳማ ስለሆነ አትተማመኑበት። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ከነከረጢቱ፣ የራስ መብራት፣ ተጨማሪ መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ያስፈልጋል። በጆርጂያ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ታንኳው ሲንቀሳቀስ ጃኬቱን መልበስ አለበት፤ እኛ ለትልልቆቹም እናሳስባለን። ከታንኳ ወርዳችሁ ለመግፋት አትሞክሩ፤ ከታች ያለው ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ተክል ነው፤ እግር ይውጣል።

ቀኑን የሚሰርዘው ዝናብ ብቻ አይደለም። ድርቅ ከሆነ ውሃው ወርዶ መስመሮች ይዘጋሉ፤ እሳትም ይነሳል። በ2011 ከመብረቅ የተነሳው እሳት ከ300,000 ኤከር በላይ ሲያዳርስ የቼሰርን መተላለፊያ ጭምር በልቶት እንደገና ተሠርቷል። እሳቱ ለረግረጉ ራሱ ጠላት አይደለም፤ ቁጥቋጦውንና ብስባሹን ካልበላ ክፍት ውሃው ቀስ በቀስ ይደፈናል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት የውሃውን ከፍታና የተዘጉ መስመሮችን ለመጠለያው ቢሮ ደውለን እናጣራለን፤ የከፈላችሁት ገንዘብም መስመር ከተዘጋ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል።

ለመመዝገብ የተጓዦቹን ብዛት፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ መዋኘት የማይችል ካለ፣ እንዲሁም የመረጣችሁትን በር ጽፋችሁ ላኩልን። በሩን ካልወሰናችሁ ደውሉልንና አብረን እንወስን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ አዘጋጆቻችሁ፣ አትላንታ