የፊዚክስ ክበብ፦ «ቲቸር፣ ታዲያ ማን ገፋኝ?»

መስከረም ላይ ሠላሳ ምናምን ልጅ ተመዘገበ። ጥቅምት ሲገባ አሥራ አራት ቀረን። የተቀሩት ሚኒ ሚዲያ ገቡ፤ አልፈርድባቸውም፣ እዚያ ማይክ አለ።

ዓመቱን ሙሉ የያዘን ጥያቄ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታክሲ ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚመጡት በቱሉ ዲምቱ አደባባይ በኩል ነው። ሚኒባሱ አደባባዩን በፍጥነት ሲዞር ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይደፋል። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ወደ ውጭ የገፋኝ ምንድን ነው?» አለች። ማንም አልገፋሽም አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ እጅጌዋን ሰብስባ የበለዘ ክንዷን አሳየችኝ። «ቲቸር፣ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

እኔም ድምፅ አሰጠሁ። ድንጋይ በገመድ አስረን ስናሽከረክር ገመዱ ቢበጠስ፣ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል? አሥራ አንዱ «ከመሃል ወደ ውጭ» አሉ። ሁለቱ ዝም አሉ። ዘንድሮ ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣው ልጅ ብቻ «ወንጭፍ ይዛችሁ አታውቁም እንዴ?» አለ። ማሽላ ላይ ማማ ወጥቶ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነው።

አርብ ከሰዓት ሜዳ ወጣን። ለጥንቃቄ በድንጋይ ፈንታ የካልሲ ኳስ ሰጠሁት፣ ቢጫ ጀሪካን ፊት ለፊቱ አቆምን። ወንጭፉን ከራሱ በላይ ሁለት ሦስቴ አዞረና ለቀቀ፤ ጀሪካኑ ተገለበጠ። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔ ግን ድገመው አልኩትና እጁን ብቻ እዩ አልኳቸው። የሚለቀው ኳሱ ፊት ለፊቱ ሲደርስ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ሲደርስ ነው! ኳሱ ከመሃል ወደ ውጭ የሚበር ቢሆን ኖሮ ጀሪካኑን ሳይሆን ጎን የቆሙትን ይመታ ነበር። የሚዞር ነገር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው፤ በየቅጽበቱ ወደ መሃል እየሳበ የሚያጥፈው ገመዱ ነው። ሴንትሪፔታል ፎርስ የምንለው ይኸው ነው። ልጅቷም ቀጥ ብላ እየሄደች ነበር፣ ታክሲው ታጠፈ፣ በሩ መጥቶ መታት። ማን ገፋኝ ካለች በሩ ነው፣ ያውም ወደ ውስጥ።

ከዚያ መለካት ጀመርን። የቢክ ቀፎ፣ ሲባጎ፣ ላጲስ፣ ከሰፈር ጋራዥ የተዋስናቸው 12 ዳዶዎች። ሲባጎውን በቀፎው አሳልፈን ላጲሱን ከላይ፣ ዳዶውን ከታች አሰርን። ቀፎውን ይዘን ላጲሱን ስናሽከረክር ወደ መሃል የሚስበው የተንጠለጠሉት ዳዶዎች ክብደት ነው። የክቡን ስፋት ሳንቀይር ዳዶውን ከ3 ወደ 12 ስናሳድግ 20 ዙር የሚፈጀው ጊዜ ወደ ግማሽ ወረደ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ሳቢ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን አንዳንድ ሾፌሮች ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

የባልዲው ነገር ግን አሳፍሮኛል። ውሃ የሞላ ባልዲ በቁሙ ሲሽከረከር እንዳይደፋ፣ ከትከሻ እስከ ውሃው 1 ሜትር ከሆነ አንዱ ዙር ከ2 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ይህን እያስረዳሁ እጄን አዘገየሁ መሰለኝ፣ አናቴ ላይ ተደፋ። ልጆቹን ያናደዳቸው የእኔ መበስበስ ሳይሆን የፈረቃ ውሃ መባከኑ ነው።

እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ለመሄድ አስበን መኪና አጣን። በምትኩ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስለመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት አወራን። እሷን የያዛት ገመድ የምድር ስበት ነው። በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እየተወነጨፈች እንኳ ከምድር ያልሸሸችው ለዚህ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ያችው ልጅ ደግሞ መጣች። ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር ከሌለ ባጃጅ ሲታጠፍ ለምን ወደ ውጭ ይገለበጣል? ጎማውን ከታች አስፋልቱ ወደ ውስጥ ይይዘዋል፣ ላይኛው አካል ቀጥ ብሎ ይሄዳል አልኳት። ከንፈሯን አጣመመች። መስከረም ላይ በአሻንጉሊት ባጃጅ እንሞክረዋለን። ዳዶዎቹን ግን ጋራዡ እየጠየቀን ነው፤ ሦስቱ የሉም፣ ያያችሁ አምጡልን።